አበባውን ሳልቀጥፍ

ሽቶዬን እጁ ላይ ረጭቼለት የሚያሸት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ነገር አንድ ነው። «ተፈጥሮአዊ ነው? ኬሚካል የለበትም አይደል?» ዋጋ እንኳን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ፊት ያጠራል ተብሎ የተገዛ ክሬም ፊት ሲያበላሽ ብዙዎቻችን አይተናል። ባዕድ ነገር ስለተቀላቀለበት ቅቤና በርበሬ በየጊዜው እንሰማለን። ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። እኔ ግን ሐዋሳ ውስጥ በአንዲት ክፍል ሽቶ የምቀምም ሰው ነኝ። በሥራው በቆየሁ ቁጥር፣ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር እንደሆነ እየታየኝ መጥቷል። ቆሜ በሁለት ደቂቃ የማስረዳው ስላልሆነ እዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ማስረጃዬ አሁን በእጄ ያለው ሥራ ነው። የቡና አበባ ሽቶ።

የተቆላውን አላልኩም። አበባውን ነው።

ሲዳማ ውስጥ ሽቶ እሠራለሁ ያለን ሰው ሁሉም «የቡና ሽቶ ሥሪ» ብሎ ይመክራል። የሚሉት የተቆላውን ነው። የተቆላ ቡና ግን እዚህ አገር ሽቶ አያስፈልገውም። ጠዋትም ከሰዓትም ከየቤቱ ይወጣል። ልብስ ላይ ያርፋል፣ ጸጉር ውስጥ ይገባል። አበባውንስ ስንቱ ያውቀዋል? ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲጠጣ የኖረ የከተማ ሰው፣ እዚሁ ሐዋሳ ተወልዶ ያደገም ቢሆን፣ አንድ ቀን እንኳን አሽትቶት የማያውቅ ብዙ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አበባው የሚቆየው ሁለት ሦስት ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት እዚያ ካልተገኙ አለፈ።

የቡና እምቡጥ የበጋውን ደረቅ ጊዜ ተኝቶ ያሳልፋል። የበልጉ የመጀመሪያ ደህና ዝናብ ሲያርሰው ይነቃል። ሳምንት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ቆይቶ ማሳው በአንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳል። ስለዚህ ከየካቲት ጀምሮ ዓይኔ ሰማይ ላይ ነው። አለታ ወንዶ አካባቢ የማውቃቸው አንድ አባት አሉ። ዝናቡ ሲጥል ይደውሉልኛል። ቀን ቆጥሬ በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ እዚያው አድራለሁ፣ ጎህ ሲቀድ ጓሮ ውስጥ ነኝ።

ቡናው ያለው ከእንሰቱ ጎን፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር ነው። አበባው ቅርንጫፉን ተከትሎ፣ ከቅጠሎቹ ብብት ሥር፣ በዘለላ በዘለላ ይወጣል። አንዷን አበባ ብቻዋን ብታዩአት ትንሽ ናት። ነጭ፣ አምስት ቀጫጭን ቅጠል ያላት። ጤዛው ሳይደርቅ ስትቀርቧት መጀመሪያ የሚመጣው የጃስሚን ጠረን ነው። ትንሽ ቆይቶ የብርቱካን አበባ ይከተላል። ከሁለቱ ሥር ደግሞ አረንጓዴ ነገር አለ፤ ገና የተቀነጠበ ቅጠል የሚሸተው ዓይነት፣ ጥሬ፣ ትንሽ መራራ። እኔን የያዘኝ ይሄ አረንጓዴው ነው። እሱ ባይኖር አበባው ጣፋጭ ብቻ ይሆን ነበር። ፀሐይ ከፍ ስትል ንቦቹ ይመጣሉ፤ ጠረኑም ይከብዳል። በሦስተኛው ቀን አበባው ቡናማ ሆኖ ይጠወልጋል፣ ጠረኑ ገለባ ገለባ ይላል። ይህን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች አበባን ሳይቀጥፉ በመስታወት ከድነው፣ በዙሪያው ያለውን አየር ስበው፣ ውስጡ ምን ምን እንዳለ በመሣሪያ የሚለዩበት ዘዴ አላቸው። እኔ ያለኝ አፍንጫና እስክሪብቶ ነው። ለእንደኔ ላለ ትንሽ ቀማሚ ይህ የሚያሳፍር አይደለም። መሣሪያው ውስጡ ያለውን ይነግርሃል። ሰው ሲያሸተው የቱ እንደሚቀድምና የቱ ልብ ላይ እንደሚቀር ግን የሚያውቀው ያሸተተው ሰው ነው።

እንግዲህ «ተፈጥሮአዊ» ብለን አጥብቀን ከያዝን፣ ቀጣዩ ሥራ አበባውን ለቅሞ ጠረኑን ማውጣት ነው። እዚህ ላይ ቁጥር ይግባ። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማውጣት ከ3 እስከ 4 ቶን የሚሆን የጽጌረዳ አበባ ያስፈልጋል። ያውም ለሽቶ ተብሎ ከሚዘራው፣ ጠረኑ ከበዛው ዝርያ ነው። (ብዙ ሰው «ባቱ ላይ ያ ሁሉ ጽጌረዳ እያለ አንቺ ምን ቸገረሽ?» ይለኛል። የባቱ ጽጌረዳ ለአበባ ማስቀመጫ የሚመረጥ ነው። ሳይጠወልግ ብዙ ቀን እንዲቆይ ሲዳቀል ሲዳቀል ጠረኑ አብዛኛው ጠፍቷል። አንድ ቀን እቅፍ ሙሉ ገዝታችሁ አሽትቱት፤ ታዩታላችሁ።) የቡና አበባ ደግሞ ከጽጌረዳ በጣም ያነሰ፣ የሳሳ አበባ ነው። ስንት ጓሮ ቢራቆት አንድ ብልቃጥ እንደሚሞላ ማሰብ አያዳግትም።

ይህን ሐሳብ ለእኚያ አባት አንስቼላቸው ነበር። «አባባ፣ አበባውን ለቅሜ ብገዛዎትስ?» አልኳቸው። አልተቆጡም። ቅርንጫፉን በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ ይሄን አሁን ብትለቅሚው እኔ ኅዳር ላይ ምን ልለቅም ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። አበባ ሁሉ ፍሬ አይሆንም። ፍሬ የሚሆነው ግን ከአበባው ነው። የአበባው ቅጠል እስኪረግፍ ጠብቄ ከመሬት ልልቀም ብል ጠረኑ ሄዷል። ያን አበባ ወደ ብልቃጥ መክተት ማለት የአንድን ቤተሰብ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጤፍና የዘይት መግዣ ወደ ብልቃጥ መክተት ነው። ሽቶው «መቶ በመቶ ተፈጥሮአዊ» ተብሎ ይሸጥ ነበር፤ ገዢውም ደስ ይለው ነበር። እኔ እንዲህ ያለውን ሽቶ መሥራት አልፈልግም።

ስለዚህ የቡና አበባ ሽቶዬ ውስጥ አንዲት የቡና አበባ የለችም። ጠረኑ የተገነባው ከሌላ ነገር ነው።

ግንባታው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ምሰሶ ሊናሎል ይባላል። ድንብላልን ጨፍልቃችሁ ስታሸቱት መጀመሪያ የሚመጣው ጠረን አብዛኛው እሱ ነው። ላቬንደርም ውስጥ አለ። ከድንብላል ብታወጡት፣ ፋብሪካ ብትሠሩት፣ ሞለኪዩሉ ያው ሊናሎል ነው። ሁለተኛው ቤንዚል አሲቴት ነው፤ የጃስሚን ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኝ፣ ብቻውን ሲሆን ሙዝ ሙዝ የሚል። ለብርቱካን አበባው ሜቲል አንትራኒሌት እጨምራለሁ። ይኼኛው አመለኛ ነው። ከአንዳንድ ንጥረ ነገሮች ጋር ሲገናኝ ቀለም ይቀይራል፤ ውኃ የመሰለው ቅልቅል ከጥቂት ቀን በኋላ ቢጫ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ለአረንጓዴው ሲስ-3-ሄክሰኖል አለ። የታጨደ ሣር ጠረን እሱ ነው፤ ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጠማ ሲረገጥ የሚነሳውን ያስታውሰኛል። ከዚህኛው ትንሽ ካመለጠ ሌላው ሁሉ ይሰወራል።

ከዚያ ሄዲዮን። እሱ ባይኖር ይህን ሽቶ አልሞክረውም ነበር። ፊርሜኒሽ የሚባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ኬሚስቶች የጃስሚንን ምሥጢር ሲመረምሩ ያገኙት ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. «ኦ ሶቫዥ» በተባለው የዲዮር ሽቶ ውስጥ ገብቶ ለገበያ ሲወጣ የሽቶ ቅመማን መንገድ ቀየረ። ብቻውን ብታሸቱት «ይሄ ምኑ ይሸታል?» ትላላችሁ። በጣም ስስ ነው። ከሌሎች ጋር ሲሆን ግን ክፍተት ይፈጥራል። አበባው ይተነፍሳል። በዙሪያው አየር ያለ ይመስላል። ጓሮው ውስጥ የነበረውን የጠዋት አየር ያገኘሁት በእሱ ነው።

የመጨረሻው ኢንዶል ነው። ኢንዶል በጃስሚን ውስጥ ያለ ነው። በዓይነ ምድር ውስጥም ያለ ነው። ሲበዛ ይገማል። ወደ 1 በመቶ አቅጥናችሁ፣ ከዚያም በጥቂቱ ብቻ ስትጨምሩት ግን አበባው ሕይወት ይዘራል። ያለ እሱ የሠራሁት ቅልቅል ንጹሕ ነበር። ቆንጆም ነበር። ግን የፕላስቲክ አበባ ነበር።

ሥራው ራሱ ከሩቅ እንደሚታሰበው አይደለም። አብዛኛው ሚዛን ነው። በጠብታ መቁጠር አይታመንም፤ የአንዱ ዘይት ጠብታ ከሌላው ይከብዳል። ሁሉንም በግራም፣ እስከ 0.01 ድረስ በሚያነብ ሚዛን እለካለሁ። ሚዛኑ ደግሞ ትንፋሽ ይነካዋል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሳ ቁጥሩ አልቆም ይላል። ስለዚህ የምመዝነው በማለዳ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ማራገቢያውን አጥፍቼ ነው። ኃይለኞቹን አስቀድሜ በአልኮል ወደ 10 በመቶ፣ አንዳንዱንም ወደ 1 በመቶ አቀጥናለሁ። አገራችን ውስጥ ፊንጫና መተሐራ ያሉት ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኢታኖል ያወጣሉ። ለሽቶ የሚሆነው ግን በደንብ የተጣራ፣ የራሱ ጠረን የማይረብሽ 96 በመቶ አልኮል መሆን አለበት። እሱን ማግኘት ራሱን የቻለ ሩጫ ነው። የሽቶ ግብዓቶቹም በትንንሽ ጠርሙስ፣ በሰው ሻንጣ ነው የሚመጡልኝ። ይህን ላማርርበት አልፈልግም። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ቀምሜ ስጨርስ ወዲያው አልፈርድም። አዲስ የተቀላቀለ ሽቶ ሻካራ ነው። ጨለማ ቦታ አስቀምጬ ሳምንታት ይቆያል። ከዚያ ወረቀት ላይ አሸተዋለሁ፤ ወዲያው፣ ከሰዓታት በኋላ፣ በማግስቱ። ቀጥሎ ቆዳ ላይ። ወረቀትና ቆዳ አንድ አይደሉም። የሐዋሳ ቀትር ደግሞ ለስስ ጠረን ምሕረት የለውም። ቀዝቃዛ አገር አንድ ሰዓት የሚቆይ የሎሚ ጠረን እዚህ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣችሁ ፒያሳ ሳትደርሱ አልቋል። ስለዚህ ለእዚህ አየር የሚሠራ ሽቶ የመጀመሪያው ሽውታ ላይ ብዙ መድከም የለበትም። ከሽውታው ቀጥሎ የሚመጣው ልቡ እና እስከ መጨረሻ የሚቀረው ሥሩ ላይ ነው ጉልበቱ መዋል ያለበት። ከውጭ የሚመጣውን ስም ያለው ሽቶ «አስመስለሽ ሥሪልኝ» የሚሉኝን እምቢ የምልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ያ ሽቶ ለሌላ ቆዳና ለሌላ አየር የተሠራ ነው።

አፍንጫ ደግሞ ይለምዳል። አንድን ነገር ደጋግማችሁ ካሸተታችሁት ጭራሽ ይጠፋባችኋል። ሽቶ ቤቶች ለዚህ ብለው የተቆላ ቡና በብርጭቆ ያስቀምጣሉ። ጥናት ሲደረግበት ግን ቡናው ከተራ አየር የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። እኔ ሲለምድብኝ ወደ ፍቅር ሐይቅ በኩል ወጣ ብዬ ተንፍሼ እመለሳለሁ።

አንዲት ጎረቤቴ አንዱን ቅልቅል አሽትታ «ሳሙና ሸተተኝ፣ ግን ጥሩ ሳሙና» አለችኝ። ልክ ነበረች። ጃስሚኑን ለማወፈር የጨመርኩት ሄክሲል ሲናማል ሳሙናና ሻምፑ ውስጥ በሰፊው የሚገባ ነው። የእኛ አፍንጫ ከአበባው በፊት ሳሙናውን ስለሚያውቅ መጀመሪያ የሚያስታውሰው ሳሙናውን ነው። ቀነስኩት። እንደዚህ ያለ አስተያየት ከየትኛውም የሽቶ ትምህርት ይበልጥብኛል። ሽቶው የሚሸተው በሰዎች ትዝታ ውስጥ አልፎ ስለሆነ፣ የሰዎቹን ትዝታ ሳያውቁ መቀመም አይቻልም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። «ኬሚካል» የሚለውን ፍርሃት ሳስብ ሁሌ የሚመጣብኝ ጥርኝ ነው።

ከጥርኝ የሚገኘው ዝባድ ከድሮ ጀምሮ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር ከአገራችን ይወጣ የነበረ የንግድ ዕቃ ነው። የዓለም ሽቶ ቀማሚዎች የሚጠቀሙበት ዝባድ በብዛት የሚሄደው ከኢትዮጵያ ነበር። በበሬ ቀንድ ተሞልቶ ይላክ ነበር። ፍጹም ተፈጥሮአዊ ነው፤ ጠብታ ኬሚካል የለበትም። ግን እንዴት ነው የሚገኘው? ጥርኙ ከጫካ ይያዛል። መዞር በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይዘጋበታል። በየጊዜው እየተያዘ ከጭራው ሥር ያለው እጢ ይጠረጋል። ሌሊት ብቻውን በሰፊው የሚዞር እንስሳ ነው፤ ዕድሜውን እንደዚያ ይጨርሳል።

በ1926 እ.ኤ.አ. ሊዮፖልድ ሩዚችካ የሚባል በስዊዘርላንድ የሚሠራ ኬሚስት የዝባድን ዋና ጠረን ሞለኪዩል አወቃቀር አወቀ። 17 ካርቦን ያለው ቀለበት ነው። እስከዚያ ድረስ ኬሚስቶች እንዲህ ያለ ትልቅ ቀለበት ይጸናል ብለው አያምኑም ነበር። ሩዚችካ በ1939 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ከተሸለመባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ዛሬ ያ ሞለኪዩል በላቦራቶሪ ይሠራል፤ ሲቬቶን ይባላል። እኔም የምጠቀመው እሱን ነው፣ በጣም በጥቂቱ፤ ቡና አበባው ቆዳ ላይ እንዲሞቅ። የትኛው ሽቶ ነው ንጹሕ? ሳጥን ውስጥ ከታሰረው ጥርኝ የመጣው ወይስ ከላቦራቶሪው? ለእኔ መልሱ አያሻማም።

የጥርኙን ጉዳይ የሚያነሳ ሰው ስለ አርቢው ገበሬም ማሰብ አለበት። ገቢው ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ቀላል መልስም የለውም። ግን እንስሳው እንዲህ መኖር የለበትም ብዬ አምናለሁ።

እጣንም ሌላው ነው። እጣን የማይወድ የለም። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል የሄደ ሰው ቤቱ ከገባም በኋላ ነጠላው ላይ ያገኘዋል። እኔም ሽቶዎቼ ውስጥ እጣን እወዳለሁ። የሰሜኑ እጣን ዘይቱ ውስጥ ኦክቲል አሲቴት ስለሚበዛበት ወደ ፍራፍሬ ያደላል፤ የባሕር ማዶ ቀማሚዎች የለመዱት የሶማሌው እጣን ግን ጥድ ጥድ ይላል። የእኛ የራሱ መልክ አለው ማለት ነው። ዛፉ ግን አደጋ ላይ ነው። ቅርፊቱ ከመጠን በላይ ይቆሰላል፤ ቡቃያው በከብትና በእሳት ያልቃል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ አሁን ባለው አካሄድ የእጣን ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል። ስለዚህ እጣን ሳስገባ ጥቂት ነው የማስገባው፤ የመጣበትን አካባቢና አቆሳሰሉን ከሚነግረኝ ሰው ብቻ ነው የምገዛው። ካልነገረኝ እተወዋለሁ።

ስለ ደኅንነትም እውነቱን እንነጋገር። ጤና አዳም በየጓሮው አለ፤ ቡና ላይ ጣል የምናደርገው። አንዳንድ ደንበኛ «ጤና አዳም ያለበት ሽቶ ሥሪልኝ» ይለኛል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ግን የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ውኃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። ምክንያቱ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ፣ ተክሉ ራሱ የሚያመርታቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው። ሎሚም ልጣጩ ተጨምቆ የወጣ ዘይቱ ያው ችግር አለበት። በእንፋሎት የወጣው ግን የለበትም፤ አረቄ ሲወጣ ከባዱ ነገር ድስቱ ውስጥ እንደሚቀር፣ እነዚህም ከእንፋሎቱ ጋር አይነሱም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ፀሐይዋን እናውቃታለን። ለዚህች ከተማ ሰው አንገት ላይ የተጨመቀ የሎሚ ዘይት እንዲሁ በዘፈቀደ አላደርግም፣ የፈለገውን ያህል ተፈጥሮአዊ ቢሆን። ዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር፣ ኢፍራ፣ ጉዳት ሊያመጡ ለሚችሉ ግብዓቶች የመጠን ገደብ ያወጣል። ገደቡን ጠረጴዛዬ ፊት ለጥፌዋለሁ። ተክል ነው ሰው ሠራሽ ነው ብሎ አይለይም፤ ሁለቱም ገደብ አላቸው።

ይህን ሁሉ ስል ተክል የጠላሁ እንዳይመስል። እናቶቻችን አደስ ወቅጠው ከቅቤ ጋር ሲያዋህዱ የሚያደርጉት ነገር ትልቅ ዕውቀት ነው። ስብ ጠረን ይይዛል። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ግራስ ላይም የጃስሚን አበባ መስታወት ላይ በተቀባ ስብ ላይ እየደረደሩ ጠረኑን ያወጡ ነበር፤ ሥሩ ያው ነው። እዚሁ አጠገባችን ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም በመዓዛማ ተክሎች ላይ ለብዙ ዓመታት የሠራ ነው። ጠጅ ሣር፣ ጦስኝ፣ ኮረሪማ በየዓመቱ የሚታጨዱና የሚለቀሙ ናቸው። ቢሸጡ ገበሬው ይጠቀማል። ከሽቶዎቼ አንዱ ከሞላ ጎደል ኮረሪማና ጥድ ነው፤ እኮራበታለሁ። የምለው ይህን ነው። ሽቶ ስትገዙ «ከተክል ነው?» ብቻ አትበሉ። «ይህን ለማግኘት ማን ምን ከፈለ? ቆዳዬን ይጎዳል? እውነት ያንን ነገር ይሸታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀማሚው መመለስ ካልቻለ ሌላ ቀማሚ አለ። ብልቃጤ ላይ አሁን የምጽፈው ግልጹን ነው። «የቡና አበባ ጠረን። የቡና አበባ የለበትም።» ይህን አንብበው መልሰው የሚያስቀምጡ አሉ። መብታቸው ነው።

ሽቶው ግን ገና አላለቀም። ባለፈው አለታ ወንዶ ስወርድ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ይዤ ነበር። የአባባ ባለቤት ቤት ውስጥ ነበሩ። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ትንሽ ረጨሁላቸው። አሸተቱት። እንደገና አሸተቱት። ዝም ብለው ቆዩና «እትዬ፣ እንዴት ነው?» ስላቸው «አዎ፣ እሱ ነው። ግን ይሄ የጠዋቱ ነው» አሉኝ። «የቀትሩ የት አለ?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚያ አበባ ሥር የኖሩ ሰው ናቸው። ምን እንደጎደለ ወዲያው ገባኝ። ንቦቹ የሚመጡበት ሰዓት ነው። ጠረኑ የሚከብድበት፣ ማር ማር የሚልበት። እኔ ጠዋቱን ስለወደድኩት ቀትሩን ደብተር ላይ ብቻ ነው የተውኩት። ማሩን የሚሰጥ ንጥረ ነገር አለ፤ ፌኒል አሴቲክ አሲድ ይባላል። ግን ሲበዛ የፈረስ ጋጣ ይሸታል፤ የኢንዶሉን ጎን ደግሞ ያጎላዋል። ስለዚህ በሌላ መንገድ ልሄድበት ነው። ከእሳቸው ቤት የወጣ ሰም ሰጥተውኛል፣ ከማሩ የተለየ፣ ገና ማሩ ማሩ የሚል። ፈቅፍቄ 96 በመቶ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፌዋለሁ። ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ፍሪጅ አስገብቼ አቀዘቅዘዋለሁ፤ ሰሙ ሲረጋ ይጣራል፤ አልኮሉ ውስጥ ጠረኑ ይቀራል። መጀመሪያ በ0.5 በመቶ እሞክረዋለሁ። ካልበቃ በ1 በመቶ። ሄዲዮኑን ግን አልነካውም።